ገዢውስ የት አለ?

«ፈጠራው አለ፤ የጎደለው ገንዘብ ብቻ ነው።» ይህ አባባል በአዲስ አበባ የፈጠራ ውድድሮች፣ በዩኒቨርሲቲ ዐውደ ርእዮችና በቴሌቪዥን ቃለ ምልልሶች እንደ ጸሎት ይደጋገማል። ወጣቱ መሐንዲስ ይለዋል፤ ዳኛው ራሱን እየነቀነቀ ይቀበለዋል፤ ጋዜጠኛው ርእስ ያደርገዋል፤ ባለሥልጣኑ «ድጋፍ እናደርጋለን» ብሎ ይዘጋዋል። ከዚያ ዋንጫ ይሰጣል፣ ፎቶ ይነሣል፣ የተሸለመው መሣሪያም ወደ መጣበት ክፍል ተመልሶ አቧራ ይለብሳል። በዓመቱ ሌላ ወጣት፣ ሌላ መሣሪያ፣ ያው አባባል።

አባባሉ ስሕተት ነው። ብዙ ጎበዝ ልጆች ገንዘብ ሲጠብቁ ዓመታቸውን እንዲጨርሱና ገዢ የሚሉትን ሰው አንድም ቀን ሳያነጋግሩ እንዲቀሩ ያደረገ ስሕተት ነው። አዲስ ቴክኖሎጂ ኩባንያ የሚሆነው ከኪሱ አውጥቶ የሚከፍል ሰው ሲገኝለት፣ ያ ሰው የሚከፍልበት መንገድ ሲበጅለትና ዕቃው እጁ ድረስ ሲደርስለት ነው። ይህን ሥራ ሁሉም ከፈጠራው በኋላ እንደሚመጣ ቀሪ ጉዳይ ያየዋል። የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ታሪክ ግን የሚመሰክረው ተቃራኒውን ነው፤ ከባዱም ወሳኙም ይኸው ነው።

የተቃራኒው ወገን ክርክር ግን በሚገባው ክብደት ይቅረብ። አንደኛ፣ የዘመናዊው ዓለም ሀብት ከፈጠራ የመነጨ ነው ይላሉ። የእንፋሎት ሞተር ባይኖር የእንግሊዝ ፋብሪካ፣ ትራንዚስተር ባይኖር ኮምፒውተርና ስልክ አይኖሩም ነበር፤ ስለዚህ ቴክኖሎጂው ጥሩ ይሁን እንጂ ገዢው ራሱ ይመጣል። ሁለተኛ፣ በኢትዮጵያ የገንዘብ በር ጠባብ ነው። ባንኩ ቤት ወይም ሕንፃ በመያዣነት ካልቀረበለት ብዙ ጊዜ አያበድርም፤ ያለው ንብረት የጻፈው ኮድ ብቻ የሆነ ወጣት ምን ያሲዛል? ከውጭ የሚገባ ዕቃ ቢያስፈልገው ደግሞ የምንዛሪ ወረፋ አለ። ሦስተኛ፣ ገበያ የቀዳሚ ነው፤ ዛሬ ያልጀመረ ነገ በሌላ ይቀደማል። አራተኛ፣ ሐሳብ ይሰረቃል፤ ስለዚህ ዕቃው ተሠርቶ እስኪያልቅ ድረስ መደበቅ ብልኅነት ነው።

ከእነዚህ አንዱም ከአየር የተፈጠረ አይደለም። የመያዣው ችግር እውነት ነው፤ የምንዛሪውም ችግር የብዙዎችን ጉልበት ጨርሷል። ከእነዚህ እውነቶች ተነሥቶ «የጎደለው ገንዘብ ብቻ ነው» ማለት ግን ይቻላል?

ከመጀመሪያው ይጀመር። ጥሩ ፈጠራ ገዢውን ራሱ ይጠራል?

አሜሪካዊው ቼስተር ካርልሰን እ.ኤ.አ. በ1938 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ኒው ዮርክ፣ አስቶሪያ ውስጥ በአንዲት የተከራያት ክፍል፣ ያለ ፈሳሽ ቀለም በኤሌክትሪክ ሙላትና በዱቄት ብቻ ጽሑፍ መገልበጥ ቻለ። ዛሬ በየፎቶ ኮፒ ቤቱ ላለው ማሽን አያቱ ይህ ነው። ካርልሰን ፈጠራውን ይዞ የኩባንያዎችን በር አንኳኳ፤ ከሃያ በላይ ኩባንያዎች፣ አይቢኤምን ጨምሮ፣ አልፈልግም አሉት። በመጨረሻ የተቀበለው ሃሎይድ የሚባል፣ ሮቸስተር ከተማ ውስጥ የፎቶግራፍ ወረቀት የሚያመርት አነስተኛ ድርጅት ነበር፤ በኋላ ዜሮክስ የተባለው። ከመጀመሪያው ቅጂ እስከ ታዋቂው ማሽን፣ እስከ 914፣ ሃያ አንድ ዓመት አለፈ።

በ1959 የወጣው ማሽን ድንቅ ነበር፤ ግን ክብደቱ ወደ 300 ኪሎ፣ ዋጋውም በዚያ ዘመን ለአንድ ቢሮ የማይታሰብ ነበር። ጉዳዩን እንዲያጠኑ የተጠየቁ አማካሪዎች ገበያው ትንሽ ነው ብለው ደመደሙ። በዚያ ዋጋ ለሚሸጥ ማሽን ትክክል ነበሩ። ታዲያ ዜሮክስን ምን አዳነው? ማሽኑን በኪራይ ማቅረብ። ቢሮው በወር 95 ዶላር ይከፍላል፤ የመጀመሪያዎቹ 2 ሺህ ቅጂዎች በኪራዩ ውስጥ ናቸው፤ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ቅጂ 4 ሳንቲም። ማሽኑ አንዴ ቢሮው ውስጥ ከቆመ በኋላ ሠራተኛው ቀድሞ አስቦት የማያውቀውን ያህል ይገለብጥ ጀመር። የዜሮክስን ሀብት የከፈተው ያ የክፍያ አሠራር ነው፤ ፈጠራው ያኔም ሃያ አንድ ዓመቱ ነበር።

ያው ዜሮክስ ትምህርቱን ረሳው። በ1973 ካሊፎርኒያ የሚገኘው የምርምር ማዕከሉ አልቶ የተባለውን ኮምፒውተር ሠራ፤ በመዳፊት የሚታዘዝ፣ መስኮቶች ያሉት። ዛሬ ሰው ሁሉ የለመደው የኮምፒውተር ገጽታ በዚያ ቤት ውስጥ ነበረ። ሀብቱን ያፈሱት ግን ሌሎች ናቸው። ኮዳክም በ1975 በአንድ ወጣት መሐንዲሱ፣ በስቲቭ ሳሰን እጅ፣ የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ ሠርቶ በጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ነበር፤ አንድ ፎቶ ካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይወስድበታል። በ2012 ኮዳክ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ሁለቱም ምርጥ መሐንዲሶች፣ ምርጥ ላቦራቶሪ፣ ከበቂ በላይ ገንዘብ ነበራቸው። ፈጠራው ገዢን የሚጠራ ቢሆን ኖሮ ከእነርሱ የተሻለ ማንን ይጠራ ነበር?

ወደ ገንዘቡ እንሻገር፤ የክርክሩ ዋና ምሽግ እርሱ ነውና።

ገንዘብ ብቻ ጎድሎ ከሆነ፣ ገንዘብ ያልጎደለው ይሳካለት ነበር። ኢሪዲየም የተባለው የሳተላይት ስልክ ኩባንያ በሞቶሮላ መሪነት ወደ 5 ቢሊዮን ዶላር ፈሰሰበት። ምድርን የሚዞሩ 66 ሳተላይቶችን አሰማራ፤ ሰው የትም ይሁን የት ስልክ ይደውላል ተባለ፤ ቴክኖሎጂውም ሠራ። በኅዳር 1998 አገልግሎቱ ተከፈተ፤ በነሐሴ 1999 ኩባንያው ከሠረ። ዘጠኝ ወር! ስልኩ 3 ሺህ ዶላር ገደማ ያወጣል፤ እንደ ጡብ ግዙፍ ነው፤ ሕንፃ ውስጥ አይሠራም። ታስቦለት የነበረው ከአገር አገር የሚዞር ነጋዴ ደግሞ ውሎው ሆቴልና ቢሮ ነው፤ በእነዚያ ዓመታትም ተራው የሞባይል ኔትወርክ የሚሄድባቸውን ከተሞች ሁሉ ሸፍኖለት ነበር። አምስቱ ቢሊዮን ዶላር ለማይፈልገው ሰው የተሠራን ዕቃ ሊያድነው አልቻለም።

ከዚያ የሆነው ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል። የኢሪዲየም ንብረት በ25 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ሳተላይቶቹ አልተቀየሩም፤ የተቀየረው ደንበኛው ነው። አዲሶቹ ባለቤቶች የሸጡት ለአሜሪካ ጦር፣ በውቅያኖስ መካከል ላሉ መርከቦች፣ ለአውሮፕላኖች፣ ከሰው ርቀው ማዕድን ለሚያወጡ ነበር፤ ሌላ ስልክ ለማይሠራላቸው። ኩባንያው ተረፈ፤ እስከ ዛሬም አለ። ያው ሳተላይት በቢሊዮኖች ገንዘብ ወድቆ በትንሽ ገንዘብ ቆመ። ልዩነቱን ያመጣው «ይህ ማንን ይጠቅማል?» የሚለው ጥያቄ ነው።

የእንፋሎት ሞተርም ለክርክሩ ደጋፊዎች ምስክር አይሆናቸውም። ጄምስ ዋት የሞተሩን የባለቤትነት መብት ያስመዘገበው በ1769 ነው። ገንዘብ የሰጠው ጆን ሮባክ የመብቱን ሁለት ሦስተኛ ድርሻ ወስዶ ነበር። ከዚያስ? ሮባክ በ1773 ከሠረ፤ ሞተሩም ገበያ አልወጣም። ድርሻው ወደ ማቲው ቦልተን ተዛወረ። ቦልተን ገንዘብ ነበረው፤ ይህ አይካድም። ግን ከገንዘቡ ጋር የሠለጠኑ የእጅ ባለሙያዎች፣ የንግድ ትውውቅና የገበያ ዕውቀት አመጣ። በ1775 ፓርላማው የሞተሩን መብት እስከ 1800 አራዘመላቸው፤ ጆን ዊልኪንሰን የመድፍ አፈሙዝ በሚቦረቡርበት ዘዴ ሲሊንደሩን በትክክል ቦረቦረላቸው።

ከሁሉ የበለጠው ግን ዋጋው ነው። ደንበኛው ሞተሩ በቀድሞው የኒውኮመን ሞተር ፋንታ ካተረፈለት ከሰል ላይ አንድ ሦስተኛውን ዋጋ ይከፍላል፤ ካልተረፈ ይህን ድርሻ አይከፍልም። ዋና ገበያቸውን ያገኙትም የድንጋይ ከሰል በሞላባቸው አካባቢዎች አልነበረም፤ በኮርንዎል ነበር። ኮርንዎል የቆርቆሮና የመዳብ ማዕድን አለው፤ ከሰል ግን የለውም፤ ከዌልስ በመርከብ በውድ ይመጣል። ከሰል ውድ በሆነበት ቦታ፣ ከሰል የሚቆጥብ ሞተር፣ በተቆጠበው ከሰል ልክ የሚከፈል። ይህን ያሰበ ሰው ከፈጣሪው ያነሰ ነገር አስቧል የሚል ይኖራል?

«ቀድሞ የደረሰ ያሸንፋል» የሚለው ሦስተኛው ምሰሶ ለመውደቅ ብዙ አይፈጅበትም። ጉግል በ1998 ሲመሠረት አልታቪስታ ሦስት ዓመት ቀድሞት ነበር። አይቢኤም ሳይመን የተባለውን በንክኪ የሚታዘዝ ስልክ የሸጠው በ1994 ነው፤ አይፎን ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ መጣ። ለኢትዮጵያ ቅርብ የሆነው ማስረጃ ግን ከጎረቤት ነው።

የኬንያው ኤም-ፔሳ በመጋቢት 2007 ሲጀመር በስልክ ገንዘብ መላክ አዲስ አልነበረም፤ ፊሊፒንስ ውስጥ ቀድሞ ነበረ። ቴክኖሎጂውም በተራ ሲም ካርድና በአጭር የጽሑፍ መልእክት ላይ የቆመ ነው። እንዲያውም ሥራው የታሰበው ለሌላ ነገር ነበር። በብሪታንያ የልማት ድርጅት የገንዘብ ድጋፍ የተደረገው ሙከራ ዓላማ አነስተኛ ብድር የወሰዱ ሰዎች ብድራቸውን በስልክ እንዲመልሱ ነበር። ሙከራው ሲካሄድ ግን ሰዎቹ ስልኩን ለሌላ ተጠቀሙበት፤ ገንዘብ እርስ በርሳቸው ላኩበት። አዘጋጆቹ ዕቅዳቸውን ይዘው አልተከራከሩም፤ ያዩትን ተከተሉ። አገልግሎቱ ሲወጣ የቀረበው ወደ አገር ቤት፣ ወደ ቤተሰብ ገንዘብ መላኪያ ሆኖ ነው። ናይሮቢ ሠርቶ ለገጠር እናቱ በአውቶቡስ ሾፌር እጅ ገንዘብ ይልክ ለነበረ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አላስፈለገም። በየመንደሩ ያለው ባለሱቅም ወኪል ሆነ፤ ጥሬ ገንዘብ ይቀበላል፣ ይከፍላል።

ያው ኤም-ፔሳ በ2010 ደቡብ አፍሪካ ገባ። ስሙ ያው፣ አሠራሩ ያው፣ ከኋላው ያሉት ትልልቅ ኩባንያዎች። በ2016 ተዘጋ። በደቡብ አፍሪካ የባንክ አገልግሎት ብዙ ሰው ዘንድ ደርሷል፤ በሱፐርማርኬት በኩል ገንዘብ መላክም ተለምዷል። የናይሮቢው ሰው የነበረበት ጭንቅ እዚያ አልነበረም። ቀዳሚነት ወይም ቴክኖሎጂ ወሳኝ ቢሆን ኖሮ አንዱ ዕቃ በሁለት አገር ሁለት ዕጣ ለምን ደረሰው?

አራተኛው ምሰሶ፣ ሐሳብ ይሰረቃል የሚለው ፍርሃት፣ ከአራቱ ሁሉ ጎጂው ነው። ካርልሰን ፈጠራውን በእጁ ይዞ ለሃያ ኩባንያዎች ሲያሳይ የገጠመው ችግር ሌብነት አልነበረም፤ ለመውሰድ የሚፈልግ ማጣት ነበር። እርግጥ ነው፣ የባለቤትነት መብት ማስመዝገብ ያስፈልጋል፤ ዋትም ካርልሰንም አስመዝግበዋል። ግን ማስመዝገብና መደበቅ ይለያያሉ። የእርሻ መሣሪያ የሚሠራ ወጣት ከገበሬ ደብቆ ሁለት ዓመት ከሠራ፣ በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ላይ መሣሪያው በአህያ ጀርባ እንደማይጫን፣ ለጥገናው የሚሆን ብሎን በወረዳው ከተማ እንደማይገኝ፣ ገበሬው ገንዘብ የሚኖረው ከምርት በኋላ ብቻ እንደሆነ ያውቃል። በመጀመሪያው ሳምንት ሊነገረው የሚችል ነገር ነበር። ከሌባ ያዳነው ሐሳብ ከገዢውም አመለጠ።

«ይህ ሁሉ የሰው አገር ታሪክ ነው» የሚል ይመጣል። ኢትዮጵያ ውስጥ ኢንተርኔቱ ደካማ፣ ሕጉ ጠባብ፣ ገበያው ድሀ ነው፤ እዚህ ያለ ብዙ ገንዘብ ምንም አይሆንም ይላል። እንግዲያስ አዲስ አበባን እንይ።

የሶፍትዌር መሐንዲሷ ሳምራዊት ፍቅሩ ሃይብሪድ ዲዛይንስን መሥርታ ራይድን ስትጀምር፣ ታክሲ በስልክ መጥራት በዓለም አዲስ ነገር አልነበረም። አዲስ የነበረው የከተማዋን ሰው ማወቋ ነው። ማታ ከሥራ ወጥቶ ታክሲ መፈለግ ለሴት ምን ያህል አስፈሪ እንደሆነ፣ ከላዳ ሾፌር ጋር በዋጋ መከራከር ምን ያህል እንደሚያሰለች በራሷ ላይ ደርሶ ታውቀው ነበር። ብዙ ተሳፋሪ ዘመናዊ ስልክም ዳታም እንዳልነበረውም ታውቅ ነበር። ስለዚህ ራይድ መተግበሪያውን ማውረድ የማይችለውን ሰው በር አልዘጋበትም፤ 8294 ብሎ የሚደውልበት የጥሪ ማዕከል አቆመለት። የሲሊከን ቫሊ ሰው ይህን ወደ ኋላ መመለስ ሊለው ይችላል። ለአዲስ አበባ ግን የገበያው በር እርሱ ነበር። «ራይድ» የሚለው ስም በስልክ የሚጠራ የማንኛውም ታክሲ መጠሪያ እስከ መሆን ደረሰ።

በስልክ ገንዘብ መላክም እንዲሁ። ኤም-ብርና ሄሎካሽ ከቴሌብር በፊት ኢትዮጵያ ውስጥ ነበሩ። ያኔ ሜዳው በሕግ ለፋይናንስ ተቋማት ብቻ የተተወ ስለነበር ከእነርሱ ጋር ተጣምረው ነበር የሚሠሩት። በ2020 ብሔራዊ ባንክ ሌሎችም እንዲገቡ ፈቀደ፤ በግንቦት 2021 የመንግሥቱ ኩባንያ የቴሌ አገልግሎት፣ ቴሌብር፣ መጣ። ከቀደሙት የላቀ ረቂቅ ቴክኖሎጂ ይዞ አልመጣም። በ*127# ባለ ቁልፍ ስልክ ላይ ይሠራል፤ በየሰፈሩ የሞባይል ካርድ የሚሸጠው ሱቅ ወኪል ሆነለት፤ የኩባንያው ሲም ካርድም ቀድሞውኑ በደንበኞቹ ኪስ ውስጥ ነበር። በ2023 ደግሞ የነዳጅ ግብይት በዲጂታል ክፍያ እንዲሆን ሲወሰን ሾፌሩ ሁሉ ለመጠቀም ምክንያት አገኘ።

«ይህማ የመንግሥት ኩባንያ ስለሆነ ነው» ቢባል መልሱ፦ በትክክል። የወሰኑት የመድረሻው መንገድ፣ ሕጉና ደንበኛው የሚጠቀምበት ምክንያት ናቸው። ጀማሪ ኩባንያ የቴሌን ያህል ኔትወርክ ሊኖረው አይችልም፤ ስለዚህ ነው ማን ዘንድ፣ በማን ሱቅ፣ በየትኛው ፈቃድ እንደሚደርስ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማሰብ ያለበት። መመሪያ ማንበብና ባለሱቅ ማሳመን ከኮዱ እኩል የኩባንያው ሥራ ነው።

ታዲያ ይህን ያህል ግልጽ የሆነ ነገር ለምን ይካዳል? አንዱ ምክንያት የቆየ ንቀት ነው። በዚህ አገር ሸማኔውና ቀጥቃጩ ለዘመናት ተንቀው ኖረዋል፤ አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። ዛሬ ፈጣሪ እጅ መከበሩ፣ ወጣት መሐንዲስ መድረክ ላይ መውጣቱ ከዚያ ታሪክ አንጻር ትልቅ ነገር ነው። ንቀቱ ግን አልጠፋም፤ ቦታ ቀየረ። አሁን የሚናቀው መሸጥ ነው። የተማረ ሰው ቤት ለቤት ዞሮ ዕቃ ማስተዋወቁ፣ በዋጋ መከራከሩ፣ «አልፈልግም» ሲባል ቆሞ ምክንያቱን መጠየቁ ከደረጃው የወረደ ተደርጎ ይታያል። ነጋዴ የሚለው ቃል ራሱ ብዙ ጊዜ ከስስት ጋር ተያይዞ ይነሣል።

መርካቶ ግን ዩኒቨርሲቲዎች የማያስተምሩትን ያውቃል። የመርካቶ ነጋዴ ዕቃ ከማስመጣቱ በፊት የሚወስድለትን የክፍለ ሀገር ባለሱቅ በስም ያውቃል። ማን በጥሬ፣ ማን በዱቤ፣ ማን በስንት ቀን እንደሚከፍል ያውቃል። ለዜሮክስ ኪራዩን፣ ለቦልተን የከሰሉን ድርሻ ያስገኘው ዕውቀት ከዚህ ጋር አንድ ዘር ነው። አገሪቱ ይህ ዕውቀት አላት፤ መሐንዲሱና ነጋዴው ግን አንድ ጠረጴዛ ላይ አይገናኙም፤ እያንዳንዱ ሌላውን ዝቅ አድርጎ ያያል። ስንት መሣሪያ በዚህ ክፍተት ወድቆ ቀርቷል?

ስለዚህ «የጎደለው ገንዘብ ብቻ ነው» የሚለው ይቁም። ገንዘብ ይጎድላል፤ ግን ገዢ የሌለውን ሥራ ገንዘብ ሲያገኘው የሚሞትበትን ቀን ያራዝምለታል፣ የሚወድቅበትንም ከፍታ ይጨምርለታል። መንግሥት ለፈጠራ ማገዝ ከፈለገ ከዋንጫው ይልቅ የግዢ ትእዛዝ ይስጥ፤ ሆስፒታሉ፣ ትምህርት ቤቱ፣ የውሃ ቢሮው ከጀማሪ ኩባንያ ጥቂት ዕቃ ገዝቶ፣ ተጠቅሞ፣ ጉድለቱን ይንገረው። ዩኒቨርሲቲው ተመራቂው መሣሪያውን ከማቅረቡ በፊት ሊገዙ የሚችሉ ሃምሳ ሰዎችን አነጋግሮ የሰማውን ጽፎ እንዲያመጣ ይጠይቅ። ወጣቱም መሣሪያው ሳያልቅ፣ ገና ያልተወለወለ ሳለ፣ ይዞ ይውጣ፤ አንድ ሰው ትንሽም ቢሆን እስኪከፍለው ድረስ ኩባንያ አለኝ አይበል።

የሚቀጥለው ውድድር ሲከፈት ደግሞ ዳኞቹ ለመጀመሪያው ተወዳዳሪ «ስንት ብር ትፈልጋለህ?» የሚለውን ጥያቄ ይተዉት። «ባለፈው ወር ማን ከፈለህ? በዚህ ወርስ ተመልሶ መጣ?» ይበሉት።